መርፌ የሰበረች ምራት

እትዬ ኮሌታ የሰው ፊት አያዩም ይባላል። ስም ማጥፋት ነው። ያያሉ፤ ብቻ መጀመሪያ የሚያዩት አንገት ነው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላቸው ዓይናቸው ቀድሞ ከአገጩ ሥር ያርፋል። ኮሌታው ቀጥ ብሎ ከተኛ «ደህና ነህ ልጄ» ብለው ያልፋሉ። ከተጣመመ ግን ሰላምታውን እዚያው ጥለው፣ ሰውየውን አቁመው አንገቱን ያቃኑለታል። አንዴ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና የሚያሳልፍ የትራፊክ ፖሊስ ይዘው እንዲህ ሲያስተካክሉ፣ የቆመው የመኪና ሰልፍ ጫፉ ሌላ ከተማ ገብቶ ነበር ይባላል። ፖሊሱም ምንም አላለ፤ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ጠበቃቸው።

ምን ያድርጉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰፉት ኮሌታ ብቻ ነው። የሚሠሩበት ስፌት ቤት ደንብ ልብስ ያወጣል፤ ለተማሪ፣ ለነርስ፣ ለዘበኛ፣ ለአውቶቡስ ሾፌር። ከብረታ ብረት መሸጫ ሱቅ በላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። የጨርቅ ብናኝ መስኮቶቹን ስላለበሳቸው ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ውጭው ዓመቱን ሙሉ ጉም ነው። የስፌት መኪኖቹ ፊት ለፊት ተያይተው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይሰፋል፤ የሚጠራውም በዚያው ነው። ኪስ ትሰፋ የነበረችው እትዬ ኪስ፣ ዚፕ የሚተክለው ጎረምሳ ዚፕ፣ ጨርቁን የሚቆርጡት አለቃ ጋሽ መቀስ፣ ጥግ ላይ ቆመው ያለቀውን የሚተኩሱት ሽማግሌ አባባ ካውያ። ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሸሚዝ ይወጣቸዋል፤ ነጠል ነጠል ካሉ ግን ማንም ማንንም አያለብስም።

እትዬ ኮሌታ ሲሰፉ ያወራሉ። ሲያወሩ ይሰፋሉ ቢባልም ያስኬዳል፤ የትኛው ዋና ሥራቸው እንደሆነ ለይቶ የነገረን የለም። ጠዋት የጎረቤታቸውን የሚያፈስ ጣሪያ ወሬ ይጀምሩና፣ እስከ ማታ ጣሪያው ገና አንድ ጠብታ ነው ያወረደው። ሰፊው ሁሉ ጆሮውን ለእሳቸው ሰጥቶ እጁን ለመኪናው ይተዋል። የእሳቸው ወሬ ባይኖር የነርሶቹ ጋውን በጊዜው አይደርስም ነበር የሚል አለ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው የዝምታው ልማድ ዋና ዘበኛ።

ልማዱ እንዲህ ነው። መርፌ የሰበረን ሰው ማንም አያናግረውም። መርፌ ቀጭ ሲል መኪኖቹ ሁሉ ቀጥ ይላሉ። ጋሽ መቀስ ከመሳቢያቸው ቀይ ጨርቅ ያወጣሉ፣ ስባሪውን ይሰኩበታል፣ ሄደው ሰባሪው ደረት ላይ ያያይዙለታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው የለም። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሰፋል፤ ግን የለም። «እንዴት አደርክ» የለ፣ «ክሩን አቀብለኝ» የለ። ቢወድቅ ደግፈው ያነሱታል፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብቻ ሲያነሱት «እኔን» አይሉትም። ቢያስነጥስም «ይማርህ» የሚለው የለም። የጨርቅ ብናኝ እንደ ዱቄት በሚበንበት ቤት ደግሞ ማስነጠስ እንደ መተንፈስ ነው፤ በአንድ ቀን የሚባለው «ይማርህ» ተሰብስቦ ቢሰፋ ላንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ደንብ ልብስ ይወጣዋል። ዝምታው መንገድም ላይ ይሠራል፣ ቤትም ይከተላል። የሚያበቃው ሌላ ሰው መርፌ ሲሰብር ነው። ያኔ ቀዩ ጨርቅ ወደ አዲሱ ባለ ተራ ይዛወራል፤ የፊተኛውም ከሙታን እንደተነሳ ሰው ሰላም ይባላል።

ለምን እንዲህ ይደረጋል ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ሰው ሲመጣ መልሱን የሚሰጡት እትዬ ኮሌታ ናቸው።

«ልማድ ነዋ» ይላሉ። እዚህ ላይ ብቻ ወሬያቸው አጭር ነው።

እሳቸው መርፌ ሰብረው አያውቁም። ፊት ለፊታቸው ትቀመጥ የነበረችው የልብ ወዳጃቸው እትዬ ኪስ ግን አንድ ክረምት ላይ ሰበረች። ከወጣትነት ጀምሮ አንድ ጃንጥላ ሥር ሲመላለሱ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እትዬ ኮሌታ ያን ክረምት በጃንጥላው ግማሽ ሥር ለብቻቸው ሄዱ። ወሬ ጉሮሯቸው ድረስ እየመጣ መልሰው እየዋጡ፣ ጨጓራቸውን ሁሉ አመማቸው፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አንድ ጠዋት እትዬ ኪስ አልመጣችም። ቀዩ ጨርቅ ወንበሯ ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተገኘ። መኪናዋም የብጥስጣሽ ጨርቅ መከመሪያ ሆኖ ቀረ። እትዬ ኮሌታ ዓይናቸው ወደዚያ ሲሄድባቸው ክር የወደቀባቸው ይመስል ጎንበስ ይላሉ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። የረጅም መንገድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ እንኳ ይጠይቃል። እሱ ሚስት አግብቶ እናቱ ቤት አስገባና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጎረቤቱ የአማትና የምራት ጠብ እንዳያመልጠው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጠበቀ። የሰማው ግን ሳቅ ነው። ልጅቱ ወሬ ትችላለች። እትዬ ኮሌታ የጀመሩትን ትቀጥላለች፣ የቀጠሉትን ታጣፍጣለች፣ ሲጨርሱ «እንደገና ይንገሩኝ» ትላለች። ቤታቸው ውስጥ ሰው እንዲህ ብሏቸው አያውቅም። ልጃቸው እንኳ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያወሩ የሚያንቀላፋ ነው።

ደስ ሲላቸው ስፌት ቤት አስገቧት። እጅጌ ሰፊ ሆነች። ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፣ ማታ አብረው ይመለሳሉ። መንገዱ ለሌላ ሰው ሁለት እርምጃ ነው፤ እነሱ ግን እያወሩ ሲመለሱ ቀንድ አውጣ ቀድሟቸው ቤት ገብቶ እራቱን ይበላ ነበር።

ከዚያ የዘበኞች የዝናብ ካፖርት ትዕዛዝ መጣ። ጨርቁ ሸራ ነው፤ እጥፉ ላይ ሲደርስ መኪናው ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ያቃስታል። ልጅቱ እጅጌውን ከትከሻው ጋር ልታገናኝ ፔዳሉን ረገጠች።

ቀጭ።

ቤቱ ጭጭ አለ። ጋሽ መቀስ መሳቢያቸውን ሳቡ፤ ነገር ግን ቀዩ ጨርቅ እዚያ አልነበረም፤ ዚፕ ደረት ላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ ዱዳ ሆኖ የከረመው ዚፕ ነበር። ጨርቁን ሲፈቱለት እንደ ተለቀቀ ቧንቧ ፈሰሰ።

«ሰላም ነው? ሰላም ነው? ጋሽ መቀስ ሰላም ነዎት? እትዬ ኮሌታስ? አባባ፣ ካውያውስ ሰላም ነው? ውጭ ይበርዳል አይደል? ኳሱን አይታችኋል?»

ሁሉም እየሳቀ መለሰለት። ልጅቱ ሸራውን ታቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። ጋሽ መቀስ ጨርቁን ደረቷ ላይ ሲያያይዙ ወደ እትዬ ኮሌታ አየች። እትዬ ኮሌታ ክር የወደቀባቸው ይመስል ጎንበስ አሉ።

ዚፕም በእሷ በኩል ሲያልፍ ያለችበትን ቦታ እንደ ባዶ አየር አቋርጦ አለፈ። ከደቂቃ በፊት እሱ ራሱ አየር ነበር።

ያን ማታ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ትንፍሽ ሳይሉ ቤት ገቡ። መንገዱ ለካ በእርግጥ ሁለት እርምጃ ነበር። እትዬ ኮሌታ እራት አቀረቡ፤ ከዚያ ጨነቃቸው። ልማዱ ቤትም ይሠራል፤ ይህን ለሌላው ሲያስተምሩ የኖሩ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ቤት ውስጥ ሲንከራተት ድመቷ ላይ አረፈ።

«አንቺ ድመት፣ ሾርባው ቀርቧል። የራበው ሰው ካለ ይምጣ በይ።»

ልጅቱ ሳቀች። «አንቺ ድመት፣ ጨው አንሶታል በያቸው።»

«አንቺ ድመት፣ ጨው ያለው መደርደሪያው ላይ ነው በይ። እጅ ያለው ሰው ያወርዳል።»

የመጀመሪያው ሰሞን እንዲህ አለፈ። ድመቷ በዕድሜዋ እንዲህ ተከብራ አታውቅም። ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙትን ወሬ ማታ ማታ ጆሮዋ ላይ ይደፉባታል፤ ከሰማችው ብዛት ጢሟ ረዘመ። እትዬ ኮሌታም በዘዴያቸው ኩራት ብጤ ተሰማቸው። ልማዱም አልተነካ፣ ምራታቸውም አልተከፋች።

የሚያሳስበው ስፌት ቤት ነበር። ሰፊው ሁሉ ተራው እንዳይደርሰው ፈርቶ መኪናውን እንደ እንቁላል መያዝ ጀመረ። አንዲት ቁልፍ ለመትከል ጠዋቱ ያልቃል። መርፌ መስበር የሚባል ነገር ከምድር ጠፋ። ልጅቱ ጥግዋ ላይ ሆና ታስነጥሳለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ትሰፋለች። ስታስነጥስ የምትጠብቃት ያቺ ትንሽ ጊዜ ናት እትዬ ኮሌታን የምትወጋቸው።

አንድ ማታ ባሏ ደወለ። መንገድ ተዘግቶ መመለሻው እንደራቀ ነገራት። ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እትዬ ኮሌታ ተነሱ፣ ተቀመጡ። በመጨረሻ ድመቷን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አወጡና ልጅቱ አጠገብ አስቀመጧት።

«አንቺ ድመት» አሉ። «አይዞሽ። ይመጣል። አይዞሽ በቃ።»

ድመቷ አየቻቸው፤ ተንጠራራች፤ በመስኮቱ ወጥታ ሄደች።

ልጅቱ ፊቷን ጠረገች። «እማማ» አለች ረጋ ብላ፤ መርፌ የሰበረ ሰው መናገር አልተከለከለም፤ የሚመልስለት የለም እንጂ። «አይዞሽን ለድመት ሰጡብኝ።»

እትዬ ኮሌታ ድመቷ የወጣችበትን መስኮት አዩ።

«ሥራ ቦታ የለሽም ተባልኩ፤ እሺ። መንገድ ላይ የለሽም ተባልኩ፤ እሱንም ችያለሁ። ቤቴም ከሌለሁ ግን የት ነው ያለሁት? ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ሥራ እገባለሁ። ስወጣ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ልጅዎ ሲመጣ እዚያ ያገኘኛል። የሌለ ሰው ቢሄድ መቼም ቤቱ አይጎድልም።»

የእትዬ ኮሌታ አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ። የታጠፈው ቀይ ጨርቅና የእትዬ ኪስ ባዶ ወንበር ዓይናቸው ላይ መጣ። ግን ከአፋቸው የወጣ ነገር የለም። ያን ሁሉ ዘመን የታመነ አፍ እንዲህ በአንድ ማታ አይከዳም።

በማግስቱ ወደ አባባ ካውያ ሄዱ። ልማዱ ሲጀመር በሕይወት የነበረ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው፤ ስፌት ቤቱን ላቋቋሙት ጌታም ገና በጎረምሳነታቸው ተኩሰዋል። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። በዚያ ላይ ሁልጊዜ እንፋሎት ውስጥ ስለሚቆሙ፣ ከእሳቸው ጋር ማውራት ከደመና ጋር እንደ ማውራት ነው።

«አባባ፣ ይሄ ዝምታ እንዴት ነው የተጀመረው?»

«ኸረ ደርቋል፤ አሁን ተኮስኩት።»

«ዝምታው ነው ያልኩት። መርፌ የሰበረን ሰው የማናናግረው ለምንድነው?»

ደመናው ገለል አለና የሽማግሌው ፊት ብቅ አለ። «እሱን ነው? በጥርስ ነዋ።»

«በምን?»

«በጥርስ። ጌታችን መንጋጋቸውን ተነቅለው ጉንጫቸው እንደ ዳቦ አብጦ መጡ። ቀይ ጨርቅ በአገጫቸው አዙረው ጭንቅላታቸው ላይ አስረዋል። የዚያን ቀን አንዱ ሰፊ መርፌ ሰበረና፣ ጌታዬ መርፌ ሰበርኩ፣ ምን ልሁን ይላቸዋል። እንዴት ይመልሱለት? አፋቸው አይከፈትም። እጃቸውን እንዲህ አድርገው ሄዱ።» ካውያውን ይዘው እጃቸውን አወናጨፉ። «ሰውየው ጌታዬ ተቀየሙኝ፣ አላናግርም አሉኝ ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ካላናገሩት እኛ ምን ቤት ነን ብለን እኛም ተውነው።»

«ከዚያስ? ጥርሱ አልዳነም?»

«ወዲያው ዳነ እንጂ። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰውየውን ዝም እንዳልነው ሲያዩ ምን አስቀየማችሁ ብለው ጠየቁ። እኛ ደግሞ እርስዎን ነው ያስቀየመው ማለት አፈርን።»

«አባባ፣ ይሄን ያህል ዘመን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ» አሉ፤ ደመናው መልሶ ሸፈናቸው።

እትዬ ኮሌታ ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ አፋቸውን እንዴት እንደያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሲቀመጥ ተነስተው ቆሙ። ጥርሱን፣ እብጠቱን፣ የእጁን መወናጨፍ ሳይቀር አስመስለው ተረኩት። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ስቆ፣ ቀዩን ጨርቅ ከልጅቱ ደረት ፈትቶ በመስኮት ይወረውረዋል ብለው ጠበቁ።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

«ጥርስ ነው ያሉት፣ እትዬ?»

«ጥርስ ነው።»

«የላይኛው ነው የታችኛው?» አለ ዚፕ።

«እሱ ምን ያደርግልሃል?»

«ይሄ ትልቅ ነገር ነው» አሉ ጋሽ መቀስ ቀስ ብለው። «እስከ ዛሬ ልማዳችን ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ነው የኖርነው። ለካ ታሪክ አለው። ከጌታችን ከራሳቸው አካል የመጣ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የኩራት ማጉረምረም ተሰማ። ቁልፍ የምትተክለው ሴት፣ ቁልፍ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንደሰማነው ከሆነ ደግሞ» አሉ ጋሽ መቀስ፤ «ስንሳሳት ኖረናል። ጨርቁ ቦታው ደረት አይደለም። ጉንጭ ነው።»

«እኔን በውሸት ነዋ ደረቴ ላይ ያንጠለጠላችሁብኝ» አለ ዚፕ ተቀይሞ። «እሷማ በትክክሉ ታድርገው።»

እትዬ ኮሌታ ተቀመጡ። ልማዱን ለመፍታት ያመጡት ወሬ አጥብቆ አሰረው። ጋሽ መቀስ ሄደው ጨርቁን ከልጅቱ ደረት አነሱ፤ በአገጯ ሥር አዙረው አናቷ ላይ ቋጠሩት፤ ቋጠሮው መሐል ላይ እንዲሆን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። «ጌታችን ግን በማግስቱ ፈተውታል» የሚል ድምፅ ከእንፋሎቱ ውስጥ መጣ፤ የሰማው የለም።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጅቱ ጉንጯን ታስራ፣ ሻንጣዋን መኪናዋ ሥር ወሽቃ ትሰፋለች። እትዬ ኮሌታ ዓይናቸው ከሻንጣው ላይ አልነሳ አለ። አንድ ሐሳብ ግን ነበራቸው። ኮሌታውን አንዴ አጠፉት፣ ደገሙት፣ ከላዩ የሸራ ቁራጭ ጨመሩበት፣ የቀበቶ ጫፍ አከሉበት። ጡብ አከለ። መርፌው ሥር ወሽቀው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብለው ፔዳሉን በሙሉ ኃይላቸው ረገጡት።

መርፌው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ሾልኮ ወጣ። መልሰው ረገጡ፤ የባሰ ያምራል ስፌቱ። ያን ያህል ዘመን ከመስበር የጠበቁት መኪና አሁን እሳቸውን አልሰማ አለ። ደግሞም ቢሰበርስ ብለው አሰቡ። ቢሰበር ምራታቸው ነጻ ትወጣለች፣ እሳቸው ጉንጫቸውን ይታሰራሉ፣ ማታ ድመት የምታናግርላቸው እሷ ትሆናለች። ጨርቁ ሰው ይቀይራል እንጂ ከቤታቸው አይወጣም።

እዚህ ሐሳብ ላይ ሳሉ ልጅቱ አስነጠሰች። እንደ ልማዷም ትንሽ ጠበቀች።

«ይማርሽ» አሉ እትዬ ኮሌታ።

ልጅቱ ቀና አለች። መጀመሪያ ሌላ ሰው የተባለ መሰላት፤ ዞር ብላ አየች።

«ያኑርዎት፣ እማማ» አለች። ጨርቁ አገጯን ስለያዘው ቃሉ ትንሽ ተጨፍልቆ ነው የወጣው።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ጋሽ መቀስ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«እትዬ፣ አምልጦዎት ነው መቼም?»

«አይ፣ አላመለጠኝም። አስነጠሰች፤ ይማርሽ አልኳት።»

«አምልጦኝ ነው ይበሉና እንለፈው» አሉ ጋሽ መቀስ ለስለስ ብለው። እትዬ ኮሌታን ይወዷቸዋል፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በእሳቸው ልማድ አክባሪነት ይመኩ ነበር። «ማንም ሰው ያመልጠዋል። አንዲት ቃል ናት።»

እትዬ ኮሌታ የሁሉንም አንገት ተራ በተራ አዩ። ኮሌታው ሁሉ ቀጥ ብሎ የተኛ ነው፤ በገዛ እጃቸው ያስተኙት። ከዚያ ሻንጣውን አዩ።

«ደግማ ብታስነጥስ ደግሜ እላታለሁ።»

ጋሽ መቀስ መቀሳቸውን አንስተው አየሩን ሁለት ጊዜ ቆረጡ፤ ሲጨንቃቸው የሚያደርጉት ነው። ዝምታውን ለሰበረ ሰው ምን እንደሚደረግ ልማዱ አይናገርም፤ ሰብሮት የሚያውቅ የለማ።

«መርፌ ሰብረዋል?» ብለው ጠየቁ፤ ሌላ የሚይዙት ነገር ስላጡ።

«ሞክሬ ነበር፤ እምቢ አለኝ።»

አንዱ ሳቁን በሳል ቀየረው።

«እንግዲያው እሳቸውንም አናናግራቸው» አለ ዚፕ።

«ሁለቱ እርስ በርሳቸው ቢያወሩስ?» አለች ቁልፍ።

ሁሉም ወደ መኪናው ተመለሰና ዝም አለ። ሁለቱ ግን ማውራት ጀመሩ። ልጅቱ ስትናገር ቋጠሮው ስላስቸገራት ጨርቁን ራሷ ፈታችው፤ አፍንጫዋንም ጠረገችበት። እትዬ ኮሌታ የጎረቤታቸውን ጣሪያ ካቆሙበት አነሱት። ያቺ የመጀመሪያ ጠብታ ወደቀች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ባልየው መሰላል ሊበደር ወጣ፤ መሰላሉን ያበደረው ሰው አብሮ መጣ፤ ሁለቱም ጣሪያው ላይ ወጡ። ሰፊው ሁሉ አንገቱን ወደዚያ አስግጓል። መሳቅ አይቻልም፤ መጠየቅ አይቻልም። እንዲህ ያለ ሥቃይ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። አንዷ ሳቋን ለማፈን የሸሚዝ ጫፍ ነክሳ የጥርሷ ምልክት ለደንበኛ ሄደ ይባላል።

«እና ጣሪያው መሐል ላይ ሲደርሱ» አሉ እትዬ ኮሌታ፤ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ፤ «በቃ፣ ቀሪውን ቤት እነግርሻለሁ ልጄ። የመውጫ ሰዓት ደርሷል።»

«ኸረ ጣሪያው ምን ሆነ?» አለች ቁልፍ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ቁልፍ ፊቷ ቀላ፤ ቃሏን ግን አልዋጠችም።

«ማንን ነው የጠየቅሽው?» አሉ እትዬ ኮሌታ።

«እርስዎን። ወይ እሷን። ያወቀ ይንገረኝ፤ እኔ እሑድን እንዲህ ሆኜ አልውልም።»

«ጮክ በሉ» አሉ አባባ ካውያ ከደመናው ውስጥ። «ከመሰላሉ ወዲህ ያለው አልተሰማኝም።»

ያኔ ሳቁ ፈነዳ። ልክ ነው፣ የሳቀው ሁሉም አይደለም። ዚፕ አፉን እንደ ስሙ ዘግቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ልጅቱን ሰላም የሚላት ሰው ሳያየው ብቻ ነው። ጋሽ መቀስም አልሳቁም። ብቻ ሲወጡ ቀዩ ጨርቅ ብጥስጣሹ መሐል ወድቆ አይተው ጎንበስ አሉ፤ ያለበትን ንፍጥ ሲያዩ መልሰው ቀና አሉ። ሰኞ ዕለት ቁልፍ መርፌ ስትሰብር መሳቢያቸውን ሳቡት፤ ባዶ ነበር፤ ሌላ መርፌ ሰጧት።

ያን ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች የሻንጣውን አንድ አንድ እጀታ ይዘው ወጡ። የልጅቱ እናት ቤት በግራ ነው፤ የእነሱ በቀኝ። የመንገዱ መገንጠያ ላይ እትዬ ኮሌታ ቆም አሉ። ልጅቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀኝ ታጠፈችና «እና ጣሪያው መሐል ላይ ሲደርሱ» አለች።

እሳቸው ግን አልተከተሏትም። «አንድ ቤት ደርሰን እንሂድ» አሉ።

የእትዬ ኪስ በር ከጋራዡ ጀርባ ነው። እትዬ ኮሌታ አንኳኩ።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ሳይለወጥ ያው ነው።

ልጅቱ በክርኗ ነካ አደረገቻቸው። «ይናገሩ እንጂ፣ እማማ።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ኮሌታ ነኝ።»

ውስጡ ዝም አለ። ሳህን የሚያጥብ እጅ ነበር፤ እሱም ቆመ። እትዬ ኮሌታ ዝምታ ለሚደረግበት ሰው ምን እንደሚመስል በዕድሜያቸው አልቀመሱትም ነበር። ቆሙ። ቆይተው ሻንጣውን አጋደሙና ተቀመጡበት፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉ።

«አንተ በር» አሉ። «ውስጥ ላለችው ሰው ንገራት። ጃንጥላው አሁንም ለሁለት ሰው ይበቃል በላት። ግማሹ ዝናብ ነክቶት አያውቅም፤ ባዶውን ነው ይዤው የምዞረው። ያን ክረምት የተናገረችኝን ሁሉ ሰምቻለሁ በላት። መልሱ እዚህ አለ፤ አንድ በአንድ። ሰዓት ካላት እመልስላታለሁ፤ ከሌላትም እዚሁ ሆኜ ለአንተ እመልስልሃለሁ።»

ልጅቱ ከሻንጣው ጫፍ ላይ ቦታ አግኝታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እትዬ ኮሌታ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀመሩ።

ብዙ ሳይሄዱ መቀርቀሪያው ተሳበ።

«በሩ ጆሮ የለውም» አለ ድምፁ። «ለእኔ ንገሪኝ።»